ጉልበቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ለምን እኩል አይጨምርም?

ጥያቄ፦ ቡጋቲ ቬይሮን የተባለው መኪና 1,001 የፈረስ ጉልበት ይዞ በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ ሱፐር ስፖርት የተባለው ተከታዩ በ1,200 የፈረስ ጉልበት 431 ብቻ መድረሱን አነበብኩ። ትርፉ ለምን እንዲህ አነሰ? ኤስአር-71 የተባለው የስለላ አውሮፕላንስ እንዴት የዚህን ስምንት እጥፍ በረረ?

መልስ፦ የጠቀሷቸው ቁጥሮች ራሳቸው ምላሹን ይዘዋል። በዚህ ፍጥነት የሞተሩን ጉልበት በአብዛኛው የሚበላው አየር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩ መኪናውን የሚገታበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ መኪናው ይህን ኃይል እየተቋቋመ በየሰከንዱ እጥፍ ርቀት መሄድ ስላለበት ደግሞ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ስሌት 20 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት የሚያስገኘው 6 በመቶ ገደማ ፍጥነት ነው፤ ከ407 ወደ 431 የታየው ጭማሪም ይኸው ነው። እንዲያውም ለገበያ የቀረቡት ሱፐር ስፖርቶች ጎማቸው እንዳይጎዳ በ415 ተገድበዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ በሰዓት 1,227.985 ኪሎ ሜትር የሮጠው ትረስት ኤስኤስሲ የተባለው ባለ ጄት ሞተር መኪና የላስቲክ ጎማን ጨርሶ ትቶ ድፍን የአሉሚኒየም መንኮራኩር የተጠቀመው ያለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1976 በሰዓት 3,529.6 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ኤስአር-71 ከአየሩ ጋር የሚታገለው በሌላ መንገድ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ይሁንና ይህ ስስ አየር ከድምፅ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ሲታመቅ የአውሮፕላኑን ገላ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚያግለው፣ መሐንዲሶቹ አሉሚኒየምን ትተው አብዛኛውን ክፍል በቲታኒየም ሠሩት። የነዳጅ ጋኑ ግድግዳ የአውሮፕላኑ ገላ ራሱ ነበርና፣ ብረቱ በየበረራው ሲሰፋና ሲጠብ መጋጠሚያውን የደፈነው ማሸጊያ እየተሰነጠቀ መሬት ላይ ነዳጅ ያንጠባጥብ ነበር።

በእኔ እይታ ከሁሉም የረቀቀው ግን የሞተሩ አየር መግቢያ ነው። ሞተሩ ከድምፅ የፈጠነ አየር መቀበል ስለማይችል፣ ከፊቱ ያለው ሾጣጣ አካል ፍጥነቱ ሲጨምር እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የድንጋጤ ሞገዱን (ከድምፅ የፈጠነው አየር በድንገት የሚታመቅበትን ስስ ወሰን) በቦታው ይይዛል፤ አየሩም በዚያ ረግቦና ታምቆ ይገባል። ሞገዱ ካመለጠ ግን በአንዱ ወገን ያለው ሞተር የሚሰጠው ግፊት በቅጽበት ይጠፋና አውሮፕላኑ ወደዚያው ጎን በኃይል ይዞራል፤ የአብራሪው የራስ ቁር ከመስታወቱ ጋር የሚላተምበትም ጊዜ ነበር።