መልስ፦ ጄሰን፣ ያምልና አይኤንአይ ኮንፊግን በአንድ ፈንክሽን ማንበብ

ሰላም ወንድሜ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች የምትሠራው የቦታ ማስያዣ ፕሮግራም ኮንፊጉን (ቅንብሮቹን) ከጄሰን (JSON)፣ ከያምል (YAML) እና ከአይኤንአይ (INI) ፋይል፣ ማለትም ከሦስት የተለያዩ የቅንብር አጻጻፎች፣ በአንድ መንገድ እንዲያነብ እንዴት ላድርግ ብለሃል። በፓይተን ነው ስላልክ በዚያው ልሂድ።

ፋይል የሚከፍት አንድ ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ ሥራውን የሚሠራ የኮድ ክፍል) ብቻ ይኑርህ። የፋይሉን ቅጥያ (ከስሙ ነጥብ በኋላ ያለውን) ያያል፣ የሚስማማውን ፓርሰር (ፋይሉን አንብቦ የሚተረጉም ኮድ) ይጠራል፣ ሁሌም ዲክሽነሪ (ስምና ዋጋ የተጣመሩበት ስብስብ) ይመልሳል። የቀረው ኮድህ ፋይሉ ምን ዓይነት እንደነበር በፍጹም ማወቅ የለበትም። ነገ ቶምል (TOML) የተባለውን ሌላ የቅንብር አጻጻፍ ልጨምር ብትል ቀላል ነው፤ ከፓይተን 3.11 ጀምሮ ማንበቢያው አብሮ ይመጣል።

ትልቁ ጣጣ ያለው የዳታ ዓይነቱ ላይ ነው። ያምል ውስጥ የጀልባ መነሻ ሰዓት ብለህ 2:30ን ያለ ጥቅስ ምልክት ብትጽፍ ፓይያምል (ያምል የሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ) 150 የሚል ቁጥር ይሰጥሃል፣ ምክንያቱም በያምል 1.1 ሕግ እንዲህ የተጻፈ ነገር በ60 እየተባዛ የሚሰላ ቁጥር ነው። አይኤንአይ ላይ ግን ያው 2:30 ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል፤ እዚያ የተሳፋሪ ብዛት 20 ብትል እንኳ ጽሑፍ ነው። ጄሰን ደግሞ ሰዓቱን ያለ ጥቅስ ጭራሽ አይቀበልህም።

ስለዚህ ከንባቡ ቀጥሎ ማጣሪያ አስገባ። ሰዓቱ ጽሑፍ መሆኑን ያረጋግጥ፣ ብዛቱን ወደ ቁጥር ይቀይር፣ ካልሆነለት ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ የትኛው ፋይል የቱ ላይ እንደተሳሳተ ተናግሮ ይቁም። ተሳፋሪ ወደቡ ላይ ከሚጉላላ አንተ ቀድመህ ብታየው ይሻላል። ያምሉን ደግሞ እባክህ በ«ሴፍ ሎድ» (safe_load በተባለው የፓይያምል ፈንክሽን) ብቻ ክፈት፣ አለዚያ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ኮድ ሊሮጥብህ ይችላል።