የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድስት ክዳን ድምፅ ሙዚቃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በውጭ አገር በልብስ ማጠቢያ ማሽን ድምፅ ብቻ ሙሉ አልበም የሠሩ ሙዚቀኞች እንዳሉ ሰማሁ። ይህ በእውነት ሙዚቃ ሊባል ይችላል ወይስ ጫጫታን በኮምፒዩተር ማሳመር ነው? እኔም የቡና ሙቀጫ ድምፅ በስልኬ ቀርጬ አንድ ነገር ልሠራበት አስቤያለሁና ከምን ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሙዚቃ ነው፤ ዕድሜውም እርስዎ ከሚገምቱት በላይ ሳይሆን አይቀርም። የሰሙት በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ነዋሪ የሆኑትን፣ ማትሞስ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ሁለት አባላት ሥራ መሆን አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቤታቸው ምድር ቤት የነበረውን ማጠቢያ ማሽን እየመቱና እያሻሹ፣ የውኃውንና የሞተሩንም ድምፅ እየቀረጹ 38 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ወጥ ሥራ አውጥተዋል። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊው የሬዲዮ መሐንዲስ ፒየር ሼፈር በፓሪስ የባቲኞል ጣቢያ የባቡር ድምፅ ቀርጾ፣ የሚሽከረከሩ የድስት ክዳኖችንም ጨምሮ ያዘጋጃቸው ሥራዎች በሬዲዮ የተላለፉት በኦክቶበር 1948 ነበር።

ሼፈር ይሠራ የነበረው በሸክላ ሲሆን፣ መርፌው አንዱን ክብ ብቻ ደጋግሞ እንዲዞር በማድረግ ቅንጣት ድምፅን ወደ ምት ይለውጥ ነበር። ከሙከራዎቹ ሁሉ ለጥያቄዎ የሚበጀው ግን የደወሉ ነው። ደወል ሲመታ መጀመሪያ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል፤ ቀጥሎ እየከሰመ የሚሄደው ቃና ይመጣል። ሼፈር የግጭቱን ቅጽበት አስቀርቶ ቀሪውን ብቻ ሲያሰማ፣ ደወልነቱ ጠፍቶ በትንፋሽ የሚነፋ መሣሪያ መሰለ። ጆሮ «ይህ የምን ድምፅ ነው?» ብሎ መጠየቁን ትቶ ቃናውን ራሱን ማድመጥ ሲጀምር፣ ጫጫታ ይባል የነበረው ነገር የሙዚቃ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ሥራውን አቀለለው እንጂ አልፈጠረውም፤ ስለዚህ «ማሳመር» የሚለው ቃል ሥራውን ያሳንሰዋል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከእኛው አገር ጋር የተሳሰረ፣ ከሼፈርም የቀደመ ሰው መኖሩ ሊታወቅ ይገባል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ፣ በተዋሰው የሽቦ መቅረጫ (ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ በሚይዝ መሣሪያ) የዛር ሥርዓት ላይ የሴቶችን ዜማ ቀርጾ፣ በሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ወፍራሙን መሠረታዊ ቃና እያስወገደና ማስተጋባት እየጨመረበት አዲስ ሥራ አድርጎታል። እኚሁ ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አስተምረዋል፤ በ1963ም ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርተዋል። ስማቸው ሲነሳ ይህ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራቸው እምብዛም አለመወሳቱ ያሳዝነኛል።

ወደ ሙቀጫዎ ስንመለስ፣ ስልክ ለጅማሬ ይበቃል። ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ መስኮት ይዝጉ፤ ስልኩን የዘነዘናው ንዝረት እንዳይደርሰው ሙቀጫው ካረፈበት ጠረጴዛ አንሥተው በታጠፈ ጋቢ ላይ ያኑሩት። ብዙ ስልኮች የሰው ንግግር ለማጥራት ሲሉ ሌላውን ድምፅ በራሳቸው ስለሚያፍኑ፣ ይህን ማጥፋት የሚያስችል የመቅረጫ መተግበሪያ ይምረጡ። ምቱ ካበቃ በኋላም ቀረጻውን ወዲያው አያቁሙ፤ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ጭራው ላይ ነው። የእንጨት ሙቀጫ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት ለከበሮ ዓይነት ምት ይመቻል፤ የብረቱ ግን ረዥም ቃና ስላለው የሼፈርን የደወል ሙከራ ሊሞክሩበት ይችላሉ። በነፃ በሚገኘው አውዳሲቲ በተባለው ፕሮግራም የምቱን መነሻ ይቁረጡና ቀሪውን በግማሽ ፍጥነት ያጫውቱት፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በወፍራም ድምፅ እስኪደገም ያለውን ርቀት) ይወርዳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል። ጀበናውንና ሲኒውን ለመቅረጽ ከመቸኮልዎ በፊት ከዚህ ከአንዱ ሙቀጫ ምን ያህል የተለያየ ድምፅ እንደሚወጣ አጥብቀው ይፈትሹ።