ለጥንዶች በሚዘጋጅ አስፈሪ ላርፕ ውስጥ እውነተኛ ምስጢርን ስለ መጠቀም

ስድስት ጥንዶች የሚሳተፉበት የአንድ ምሽት ሥነ ልቦናዊ አስፈሪ ላርፕ (ተሳታፊዎች የገጸ ባሕርይ ሚና ወስደው ታሪኩን በአካል የሚጫወቱበት ጨዋታ) ሊያዘጋጁ እንዳሰቡ ገልጸው፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ስለ አጋሩ አስቀድሞ የሚነግርዎትን ምስጢር በታሪኩ ውስጥ ቢያስገቡት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እንዲህ ዓይነት ዝግጅቶችን ሳሰናዳ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ምስጢሩን ጨርሶ እንዳይነኩት እመክራለሁ። በጥንዶች ጨዋታ ውስጥ የሚያስፈራው ጨለማው ሳይሆን «አጠገቤ ያለውን ሰው በእርግጥ አውቀዋለሁን?» የሚለው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬው በፈጠራ ታሪክ ላይ ከቆመ ከጨዋታው ጋር ያበቃል፣ በእውነተኛ ምስጢር ላይ ከቆመ ግን ተከትሏቸው ቤት ይገባል። የላርፕ ሰዎች «ብሊድ» የሚሉት፣ የገጸ ባሕርዩና የተጫዋቹ ስሜት አንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ሁኔታ፣ በማይተዋወቁ ሰዎች ላይም ይታያል፤ በጥንዶች ዘንድ ደግሞ ድንበሩ ከመነሻውም የሳሳ ነው።

እኔ ጥንዶቹን እንደ እኅትና ወንድም ወይም እንደ ሥራ ባልደረቦች እመድባቸዋለሁ። ከዚያም ለሁለቱም ስላለፈው ሌሊት የሚተርክ ደብዳቤ ለየብቻ እሰጣቸዋለሁ፤ ደብዳቤዎቹ በሁሉም ነገር ይስማሙና በአንድ ነጥብ ብቻ ይለያያሉ፤ የአንደኛው ደብዳቤ በሩን የቆለፈው እሱ ራሱ እንደሆነ ሲናገር፣ የሌላኛዋ በሩን ክፍት እንዳገኘችው ይናገራል። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሌሊቱን ሲያስታውሱ ልዩነቱ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ በዚህ መሐል ቁልፉ ከተሰቀለበት ቦታ ጠፍቶ ይገኛል። ማንም ሳይዋሽ ሁለቱም መጠራጠር ይጀምራሉ፤ የዘዴው ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፣ ፍቅረኛውን ዓይን ዓይኗን እያየ እንዲዋሻት የሚገደድ ተጫዋች የለምና።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ሰው አጋሩ አጠገቡ ሳለ የማይፈልገውን ነገር ይደብቃል፤ ስለሆነም በጨዋታው ውስጥ የማይፈልጉትን ነገር የሚገልጹበትን መጠይቅ ለየብቻ ያስሞሉ፣ አንዱ የከለከለውንም ነገር የማን ክልከላ እንደሆነ ሳይናገሩ ከሁለቱም ጨዋታ ያውጡት።

የማቆሚያ ቃሉ «ተው» ወይም «በቃ» አይሁን፤ የፈራ ገጸ ባሕርይ እነዚህን ቃላት ሊጮህ ስለሚችል እውነተኛውን ጥሪ መለየት አይቻልም። ሁሉን ነገር የሚያስቆም «ቀይ» እና ጫናውን የሚያበርድ «ቢጫ» ይበቃሉ፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊትም ሁሉም ድምፁን አውጥቶ ይለማመዳቸው። የደነገጠ ሰው አንደበቱ ሊታሰር ስለሚችል፣ ዓይንን በእጅ ከልሎ ያለ ማብራሪያ መውጣትም የተፈቀደ ይሁን፣ ምልክቱ እንዲታይም ክፍሉን ፈጽመው አያጨልሙት። አንዱ ሲወጣ አዘጋጁ ሌላውን ወዲያው ከሚናው ያስወጣዋል፤ አጋሩ እንዲከተለው ይፈልግ እንደሆነ የሚጠየቀው ግን የወጣው ሰው ነው።

ሲያበቃ መብራቱን አብርተው ሁሉንም በእውነተኛ ስማቸው ይጥሯቸው። እያንዳንዱ በቅድሚያ አጋሩ ካልሆነ ተሳታፊ ጋር ይነጋገር፤ ከተጠራጠሩት ሰው ፊት ለፊት ወዲያው «ደኅና ነኝ» ማለት ስለሚቀናቸው፣ ጥንዶቹ የሚገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜ ካጠረዎት ከትዕይንቶቹ አንዱን ይሰርዙ እንጂ ከዚህ ሰዓት አይቀንሱ።