ስንት ሲሲ ለጎጃም ሰማይ? ስለ ሞዴል አውሮፕላን የቤንዚን ሞተር ጥያቄና መልስ

በሪሞት ለሚበሩ ትልልቅ ሞዴል አውሮፕላኖች የቤንዚን ሞተር ስለ መምረጥ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን የመጣውን፣ ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። ዋጋ የጠየቃችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ነገ አይሠራም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.2 ሜትር፣ ክብደቱ ሰባት ኪሎ ገደማ የሚሆን አውሮፕላን እየሠራን ነው። መመሪያው 30 ሲሲ (የሞተሩ መጠን መለኪያ) ይበቃዋል ይላል። ጓደኛዬ ግን 55 ካልሆነ አይነሳም ብሎ ድርቅ አለ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም በከፊል። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ዲኤልኢ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራውን ባለ 30 ሲሲ ሞተር ብንወስድ በፋብሪካው መግለጫ 3.7 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ወደ 2.9 ይጠጋል። ሰባት ኪሎ ለዚህ ሞተር በባሕር ጠለልም ቢሆን ወደ ላይኛው ዳር የቀረበ ክብደት ነው።

ጓደኛህ የሚለው 55 ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሞተሩ ብቻ ከ30ው በግማሽ ኪሎ ያህል ይበልጣል፤ ያ ሁሉ የሚጫነው አፍንጫው ላይ ነው፤ ሚዛኑን ለማስተካከል ጭራው ላይ እርሳስ ትጨምራላችሁ፤ በመጨረሻ ሰባት ኪሎ የነበረው አውሮፕላን ወደ ስምንት ተጠግቶ ይገኛል። ፕሮፔለሩም 22 ወይም 23 ኢንች ነው። 23 ኢንች ማለት 58 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ የማረፊያ እግሩ አጭር ከሆነ ሣር ሜዳ ላይ መሬቱን ይጠርጋል።

እኔ የምጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው። ለደብረ ማርቆስ፣ ለደጀንና ለእንጅባራ መመሪያው በሚለው ሲሲ ላይ ሩብ ያህል ጨምሩ፤ ለባሕር ዳርና ለፍኖተ ሰላም አንድ አምስተኛ ይበቃል። ለእናንተ ከ35 እስከ 40 ሲሲ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚሄደው ስስት ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሞተራችንን መሬት ላይ አስነስተን በዙር መለኪያ ስንለካው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያበሩ ሰዎች በተመሳሳይ ፕሮፔለር አገኘን ከሚሉት ዙር ጋር እኩል ሆነ። ታዲያ ጉልበቱ የቀነሰው የት ላይ ነው?

መልስ፦ ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ ፕሮፔለሩንም የሚገታው አየር በዚያው መጠን ይሳሳል። የደከመ ሞተር የቀለለ ሸክም ሲያዞር ዙሩ እንደ ነበረ ይቀራል። የዙር መለኪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። ፕሮፔለሩ በደቂቃ የሚዞረው ያው ቢሆንም ወደ ኋላ የሚወረውረው አየር ስስ ስለሆነ የሚገፋው ኃይል ባሕር ዳር ላይ 16 በመቶ ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 21 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

እውነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ዙሩን ትታችሁ ግፊቱን ለኩ። ማርና ቅቤ ነጋዴዎች የሚይዙት ባለ መንጠቆ የመንጠልጠያ ሚዛን አለ አይደል? አንዱን ጫፍ መሬት ውስጥ በደንብ ከተመታ ችካል ጋር፣ ሌላውን ከአውሮፕላኑ ጭራ ጋር በገመድ አስሩ፤ ሙሉ ነዳጅ ስጡና ሚዛኑን ከኋላ ቆማችሁ አንብቡ። ለተራ በረራ ግፊቱ የአውሮፕላኑን ክብደት ግማሽ ካለፈ ደኅና ነው። ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ፣ አየር ላይ በአፍንጫው የሚንጠለጠል ከፈለጋችሁ ግን ከክብደቱ በግልጽ መብለጥ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስስ አየር ክንፉንም ይነካል። ደብረ ማርቆስ ላይ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት ከባሕር ጠለሉ በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ግፊቱ ቀንሶ የሚፈለገው ፍጥነት ሲጨምር የመንደርደሪያው ርዝመት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። አጨዳ ያለቀበት የጤፍ ማሳ ሰፊ ቢመስልም በእርምጃ ሳትለኩት አታስነሱ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ እዚህ ላይ አስተካክለነው ቆንጆ የነበረ ሞተር ወደ ዓባይ በረሃ ይዘነው ስንወርድ ይግላል፤ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠውም ይንተፋተፋል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ገና አልተበላሸም፤ እንዲህ ከቀጠላችሁ ግን ይበላሻል። ካርቡሬተሩ ከፍታ አያውቅም። ደጀን ላይ የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑትን መርፌዎች በስስ አየር ልክ ዘግታችኋል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዳችሁ ድልድዩ አጠገብ ስትደርሱ አየሩ ወፍሮ ይጠብቃችኋል፤ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚን አነሰው ማለት ዘይትም አነሰው ማለት ነው። ፒስተኑ የሚያያዘው እንዲህ ነው።

የዋልብሮ ዓይነት ካርቡሬተር ሁለት መርፌ አለው፤ አንዱ ለሚኒሞ፣ ሌላው ለከፍተኛ ዙር። ወደ ቆላ ስትወርዱ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የከፍተኛውን ሩብ ዙር ያህል ክፈቱት። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ሙሉ ነዳጅ ላይ እያለ በትንሹ በትንሹ ዝጉ፤ ድምፁ ጫፍ ደርሶ መድከም ሲጀምር ቁሙና መርፌውን አንድ ስምንተኛ ዙር መልሳችሁ ክፈቱ። በጫፉ ላይ አትተዉት፤ አየር ላይ ሲወጣ ሸክሙ ስለሚቀል ዙሩ ይጨምራልና። ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጉዳቱ ግን እንደ ማነሱ አይከፋም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የጣና ጀልባ ነጂዎች የሚጠቀሙበት የሁለት ምት ሞተር ዘይት በቀላሉ ይገኛል። ቀላቅዬ ልጠቀም?

መልስ፦ አይሆንም። የጀልባ ዘይት፣ ማለትም ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለው፣ የተሠራው በሐይቅ ውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። የእኛው በአየር ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱ ብዙ ነው። ጃሶ ኤፍዲ የሚል የዘይት ደረጃ የተጻፈበትን ፈልግ። የባጃጅ ዘይትም ለአራት ምት ሞተር የተሠራ ስለሆነ አትሞክረው። መጠኑን ከሞተሩ መመሪያ ውሰድ፤ ዲኤልኢ ሠላሳ ለአንድ ይላል፣ ይህም ለአምስት ሊትር ቤንዚን 167 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በዓይን ግምት አይቀላቀልም፤ መርፌ የሌለው የሕክምና ስሪንጅ ግዛ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ለምን ቤንዚን? በሜታኖል የሚሠራው ቀላል ነው ይባላል፤ በባትሪ የሚሠራውም አለ።

መልስ፦ በሜታኖል የሚሠራው ለመጠኑ ጉልበተኛ ነው፤ ግን ሜታኖሉንና አብሮት የሚቀላቀለውን ናይትሮ ሜቴን ዳንግላ ላይ ከየት ታመጣለህ? በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይጫንም። ቤንዚን ማደያ ውስጥ አለ፤ ወረፋው ሌላ ጉዳይ ነው። ባትሪን በተመለከተ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይበላ ራሱ በከፍታ አይደክምም፤ ፕሮፔለሩ ግን ያው በስስ አየር ውስጥ ነው የሚቀዝፈው። እስከ አራት ኪሎ ድረስ እኔም ባትሪ እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን የባትሪው ዋጋና መብራት በሌለበት ሜዳ የመሙላቱ ችግር ያሸንፍሃል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ጫካ ለመቁረጥ የሚያገለግል የቤንዚን መጋዝ ሞተር አለኝ። ወደ አውሮፕላን ሞተር መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ቀድሞም ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚያ ነው። የጃፓኑ ዜኖአ ለሞዴል አውሮፕላን የሚሸጣቸው ሞተሮች የመጋዝና የሣር ማጨጃ ሞተሮች ዘመዶች ናቸው። ችግሩ ፕሮፔለሩን የሚይዘው ማያያዣ ነው። ቶርኖ ላይ ሲቀረጽ መሐሉን በጥቂቱ ከሳተ ንዝረቱ ሰርቮውንም (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር) የእንጨቱን ማጣበቂያም ያረግፋል። ማግኔት ያለው የመዞሪያ ጎማውም ከባድ ነው፤ በእርግጥ ለማቀጣጠያ ባትሪ አያስፈልገውም። ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ ካርቡሬተር ለመማር ከዚህ የሚሻል የለም። ለማብረር ግን ለሥራው የተሠራ ግዛ።

ጥያቄ፦ አንድ ሲሊንደር ወይስ ሁለት?

መልስ፦ እስከ 60 ሲሲ አንድ ይበቃል። ወደ 100 ሲጠጋ ሁለት፤ ፊት ለፊት የሚገፉት ፒስተኖች የእርስ በርሳቸውን ንዝረት ያጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ምቱስ?

መልስ፦ ሳይቶ የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራቸው የቤንዚን ሞተሮች ድምፃቸው ያምራል፤ ለጥንታዊ አውሮፕላን አምሳያ ተስማሚ ናቸው። ለተመሳሳይ ጉልበት ክብደታቸውም ዋጋቸውም ይበልጣል፤ ቫልቭም ማስተካከል አለ። ለድምፁ ብሎ የሚገዛ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ያለው ቱቦ በሳምንቱ አብጦ ለሰለሰ።

መልስ፦ የሜታኖል ሲሊኮን ቱቦ ነው ያስገባችሁት። ለቤንዚን የሚሆነው ታይጎን የሚባለው ቢጫ ቱቦ ነው፤ የታንኩ ክዳን ጎማም የቤንዚን መሆኑን አረጋግጡ። ቡሬ ላይ አውድማ አጠገብ የምታበሩ ከሆነ ደግሞ የእህል አቧራውን ተጠንቀቁ፤ እነዚህ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የአየር ማጣሪያ የላቸውም።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ ቢያመጣልኝስ?

መልስ፦ ያገለገለ ሞተር አታስመጣ። የቤንዚን ሽታ ካለው አየር መንገዶች እንደ አደገኛ ዕቃ ይቆጥሩታል። አዲስ፣ ያልተነሳ፣ ከነማሸጊያው ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ! ዕቃው ጉምሩክ ሲደርስም፣ ሜዳ ላይ ሲወጣም የሚመለከታቸው አካላት ሳይፈቅዱ አይሆንም፤ በዚህ ወቅት ደግሞ ሰማይ ላይ የሞተር ድምፅ የሰማ ገበሬ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ፈጽሞ ራቁ። ፈቃዱ እስኪገኝ ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ አለማምዱት።

ጥያቄ፦ በእጅ ማስነሳት ያስፈራኛል።

መልስ፦ መፍራትህ መልካም ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርግ፤ ጭራውን እሰር፤ አንድ ሰው ክንፉን ከኋላ ይያዝ። የማቀጣጠያው ማብሪያ ማጥፊያ መጥፋቱን እስክታረጋግጥ ድረስ ሞተሩ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል ብለህ አስብ። በጎጃም ሜዳ ላይ ሞተር ሲነሳ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ከፕሮፔለሩ ጎን ትይዩ ማንም እንዳይቆም አድርግ፤ ሲሰበር ስብርባሪው የሚወረወረው ወደ ጎን ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ጋሼ፣ ሞተሩ በኮፈን ተሸፍኗል፤ በጣም እየጋለ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ኮፈኑን እዪው። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከሚገባበት ሁለት እጥፍ ያህል መስፋት አለበት፤ የገባው አየርም በሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል እንዲያልፍ በቀጭን ላሜራ ወይም በእንጨት አጥሪለት፤ አለዚያ በጎን አምልጦ ይወጣል። ቀጥሎ ካንዴላውን ፍቺ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶት ግሏል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል። ስትመልሺው ክፍተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ብቻ ከሙሉ ጉልበት ሩጫ በኋላ ወዲያው አጥፍተሽ እዪው፤ ሚኒሞ ላይ ብዙ ቆይቶ የጠፋ ሞተር ካንዴላው ስለሚጠቁር ምንም አይነግርሽም።