ኬሚካሉን ከመጨመር ሙቀቱን መቀነስ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምኖር የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ቢኤል21(ዲኢ3) በተባለ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዝርያ ውስጥ የፒኢቲ ፕላዝሚድ (ጂን የሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) አስገብቼ ኢንዛይም አመርታለሁ። 1 ሚሊሞላር አይፒቲጂ (ጂኑን የሚያበራ ኬሚካል) ጨምሬ በ37 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቆየዋለሁ። ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ ወፍራም ባንድ አለ፤ ሴሎቹን ሰብሬ በሴንትሪፊዩጅ ሳዞር ግን ኢንዛይሙ በሙሉ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። አይፒቲጂውን እጥፍ ላድርገው?

መልስ፦ አያድርጉት። አይፒቲጂ ጂኑን የቆለፈውን ላክአይ የተባለ ፕሮቲን ከዲኤንኤው ላይ ያስለቅቃል፤ ከዚያ በኋላ ሴሉ ቲ7 ፖሊሜሬዝ ይሠራል፤ እሱም የእርስዎን ጂን እያጣደፈ ይገለብጣል። ባንዱ እንዲህ ከወፈረ ማብሪያው ሠርቷል ማለት ነው። ፕሮቲኑ በወጉ ሳይታጠፍ ሌላው እየተደረበበት ስለሚጓጉል ነው የሚዘቅጠው።

ባክቴሪያውን 1 በመቶ ግሉኮስና በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮ ግራም ካናማይሲን (አንቲባዮቲክ) ባለው ኤልቢ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ) ያሳድሩት (ፕላዝሚዱ የካናማይሲን መቋቋሚያ ካለው)። ግሉኮሱ ጂኑ ያለጊዜው እንዳይበራ ያግዛል። ጠዋት 500 ማይክሮ ሊትሩን በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ ካለ 50 ሚሊ ሊትር አዲስ ኤልቢ ጋር ይቀላቅሉ፤ ካናማይሲኑ ይኑር፣ ግሉኮሱ ይቅር። በ37 ዲግሪ፣ በደቂቃ 200 ዙር እያናወጡ ኦዲ 600 (የባክቴሪያው ብዛት የሚገመትበት የድፍርስነት ልክ) ወደ 0.6 ሲደርስ ሻከሩን (ማናወጫውን) ወደ 18 ዲግሪ ያውርዱ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፦ ቁጥሩ 18 ቢልም ፍላስኩ ውስጥ ያለው ገና ትኩስ ነው። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ ከ1 ሞላር አይፒቲጂ 5 ማይክሮ ሊትር ይጨምሩ (0.1 ሚሊሞላር ይሆናል) እና ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያቆዩት። ሻከርዎ የማያቀዘቅዝ ከሆነ ማሞቂያውን አጥፍተው ያሳድሩት፤ የአካባቢዎ ሌሊት ብርድ ለዚህ ይጠቅማል።

1 ሞላሩን ለማዘጋጀት 2.38 ግራም አይፒቲጂ በውሃ አሟሙተው 10 ሚሊ ሊትር ይሙሉት፤ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አጥልለው፣ በ1 ሚሊ ሊትር ከፋፍለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ያስቀምጡ። መብራት እየጠፋ ደጋግሞ ከቀለጠ ያንን ቱቦ አይመኑት።

ጄል ላይ ሲያወዳድሩ የሴሉን መጠን ያስተካክሉ፦ አይፒቲጂው ከመጨመሩ በፊት ኦዲ 0.6 ሲሆን 1 ሚሊ ሊትር ከወሰዱ፣ በኋላ ኦዲው 3 ከደረሰ 200 ማይክሮ ሊትር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነው። ባክቴሪያ ያልተጨመረበት ኤልቢያችን አድሮ ይደፈርሳል። አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ዕቃ) የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ላይ 20 ደቂቃ ይቆያል።

መልስ፦ ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በእናንተ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ 15 ፒኤስአይ ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ያደርሳል፤ ለ121 ዲግሪ 18 ወይም 19 ያስፈልጋል። ዕቃው ያንን ግፊት እንዲችል ካልተሠራ ግፊቱን ሳትነኩ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ አርዝሙት። አንቲባዮቲክ ግን ኤልቢው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።