ውጭ ሄዶ ስለመጫወት የጠየቃችሁኝ

በሀገሬም በውጭም ተጫውቼ ጫማ ከሰቀልኩ ቆይቻለሁ። አሁን ወጣት ተጫዋቾች ውል ሲፈርሙ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አነባለሁ። «ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፤ አጥቂ ነኝ። ሁለት የውጭ ክለቦች ፈልገውኛል። አንዱ ስሙ የገነነ ነው፤ ሌላውን ሰፈር ውስጥ ብጠራው ማንም አያውቀውም። የቱ ይሻላል?

ስሙን ተወውና ይህን ጠይቅ፦ አንተ ቦታ ላይ ስንት ሰው አለ? የፈለገህ አሰልጣኙ ራሱ ነው ወይስ ቢሮ ያለ ሰው? መሐመድ ሳላህን እይ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከግብፁ አረብ ኮንትራክተርስ ወደ ስዊዘርላንዱ ባዝል ሄደ። እዚያ ተጫወተ፤ ቼልሲ ላይም አገባ። በጥር 2014 ቼልሲ ገዛው፤ በሊጉ ግን የተጫወተው 13 ጨዋታ ብቻ ነው። ፊዮረንቲና እና ሮማ ሄዶ እንደገና እግሩን አፍታታ። በ2017 ሊቨርፑል ሲገባ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 32 የሊግ ግብ አስቆጠረ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለየው ሜዳ ላይ ያገኘው ደቂቃ ነው። ሳዲዮ ማኔም ከሜትዝ ተነስቶ በሳልዝበርግና በሳውዝሃምፕተን አድርጎ ነው ሊቨርፑል የደረሰው። በ19 ዓመትህ ማሊያ ይዘህ ከምትነሳው ፎቶ ይልቅ 30 ሙሉ ጨዋታ ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። አንድ ሰው «ገንዘብ ክፈሉና አውሮፓ አስፈርመዋለሁ» ብሎናል። እንመነው?

አትክፈሉ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች በመርህ ደረጃ ከሀገር ሀገር አይዛወርም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ሀገር ከለወጡ። እዚያው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ልጅም ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀድለታል። የእርስዎ ልጅ በዚህ ውስጥ ካልገባ ሰውየው የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም።

ደግሞም ኤጀንት የሚከፈለው ሥራው ሲያልቅ እንጂ ሳይጀመር አይደለም። ከ2023 ጀምሮ የፊፋ ፈተና አልፎ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ስሙን ከፊፋ ዝርዝር ላይ ፈልጉት። የሙከራ ጥሪ ደብዳቤ ካሳያችሁ ክለቡ ጋር ራሳችሁ ደውሉ። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ከክለቡ ድረ ገጽ ባገኛችሁት።

ጥያቄ፦ ውል ላይ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

የደመወዙን ቁጥር እንዳትለኝ፤ እሱን ማንም አይረሳውም። ከግብር በፊት ነው ወይስ እጅህ የሚገባው? ልዩነቱ በአንዳንድ ሀገር ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ክለቡ ከሊጉ ከወረደ ደመወዝህ ይቀንሳል? ቦነሱ ለቋሚ ተሰላፊ ብቻ ነው ወይስ ተቀይሮ ለገባም? ቤትና የአውሮፕላን ትኬት በቃል ብቻ ቃል ከገቡልህ የለም ብለህ ቁጠረው።

አንድ ልጅ «ሦስት ዓመት ፈረምኩ» ብሎ ውሉን አመጣልኝ። የመጀመሪያው ገጽ እውነትም ሦስት ዓመት ይላል። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓመት የማጽናት መብት የክለቡ ብቻ ነው። ልጁ በእጁ የያዘው አንድ ዓመት ነበር። በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ከሆነማ ሳታስተረጉም እስክሪብቶ አታንሳ።

ሌላም አለ። «ውሉ የሚጸናው የሕክምና ምርመራውን ካለፈ ነው» የሚል አንቀጽ በፊፋ ደንብ አይፈቀድም፤ «የሥራ ፈቃድ ካገኘ ነው» የሚለውም እንዲሁ። ክለቡ ጉልበትህንም ልብህንም የሚመረምረው ከፊርማ በፊት ነው። «ፈርም፤ ነገ እናይሃለን» ካሉህ ነገ ይዩህና ከዚያ ፈርም።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ከተከፈለኝ ሁለት ወር አለፈኝ። ጥዬ ልሂድ?

ዝም ብለህ ከሄድክ ጥፋተኛው አንተ ትሆናለህ። የሁለት ወር ደመወዝ በወቅቱ ካልተከፈለህ መጀመሪያ በጽሑፍ አሳውቃቸውና ቢያንስ 15 ቀን ስጣቸው። ካልከፈሉ ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ትችላለህ። ከዚያ ጉዳዩን ለፊፋ የክርክር ችሎት ታቀርባለህ። ሁለት ዓመት ካለፈው ችሎቱ አያየውም፤ ስለዚህ «ይከፍሉኛል» እያልክ አትክረም።

ጥያቄ፦ ውሌ ሊያልቅ አምስት ወር ቀረው። ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር እችላለሁ?

ትችላለህ፤ መፈረምም ትችላለህ። ስድስት ወርና ከዚያ በታች ከቀረህ ደንቡ ይፈቅዳል። ውሉ ካለቀ በኋላ በነፃ መሄድን በአውሮፓ ያስከበረው የቤልጂየሙ ተጫዋች ዣን ማርክ ቦስማን ነው፤ ፍርዱን ያገኘው በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ራሱ ብዙም አልተጠቀመበትም፤ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ለሌላ ክለብ በውሰት መላክ ውርደት ነው?

አይደለም። ሄደህም የተቀያሪ ወንበር ካሞቅክ ግን ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ቋንቋውን ሳላውቅ እንዴት እጫወታለሁ?

ሰዋስው ቀስ ብሎ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን «ሰው አለብህ»፣ «ዙር»፣ «ልቀቅ»፣ «ብቻህን ነህ» የሚሉትን በእነሱ ቋንቋ ያዝ። አዲስ ሰው ኳስ የማይሰጠው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ዝም የሚል ተጫዋች ሜዳ ላይ አይታይም። ጀርባው ለግብ የሆነ ጓደኛህ «ዙር!» ብለህ ስትጮህለት ዞሮ ከመታ፣ በሚቀጥለው ኳስ አንተን ይፈልግሃል። ማታ ደግሞ ክፍልህን ዘግተህ ከሀገር ሰው ጋር ስልክ ላይ አትደር። መልበሻ ክፍል ውስጥ የሚሳቀውን ለመረዳት ከሁሉም በላይ የሚረዳህ አብረሃቸው መብላት ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ተጫዋች ነኝ። ባረግዝ ክለቡ ያባርረኛል?

በዚህ ምክንያት ማባረር አይችልም እህቴ። ከ2021 ጀምሮ ፊፋ ቢያንስ 14 ሳምንት የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ደንግጓል፤ ክፍያውም ከደመወዝሽ ከሁለት ሦስተኛ አያንስም። የሀገሩ ሕግ የተሻለ ከሆነ እሱን ያዢ።

ጥያቄ፦ ውጭ በትልቅ ገንዘብ ብሸጥ ያሳደገኝ ክለብ ምን ያገኛል?

ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶ፣ ከ12 እስከ 23 ዓመትህ ያሠለጠኑህ ክለቦች ይካፈሉታል። በአንድ ሚሊዮን ብትሸጥ 50 ሺህ ማለት ነው። ለትንሽ ክለብ የዓመት ልምምድ ይሸፍናል። ገንዘቡ የሚመጣው ግን በየዓመቱ መመዝገብህ በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ካለ ነው። ከመሄድህ በፊት የልጅነት ክለብህ ጎራ በልና ስምህ ከስንት ዓመትህ ጀምሮ እንደተመዘገበ አስፈትሽ።