ወንድሜ መኪናው ውስጥ እያደረ ነው፤ ወደ ክርስቲያናዊ ማገገሚያ ልውሰደው?

ጥያቄ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤

ታናሽ ወንድሜ በዲቪ አሜሪካ ከገባ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ከተለያየ ወዲህ መጠጥ አበዛ፤ ሥራውንም የተከራየውንም ክፍል አጣ። አሁን የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው። እኔ ቤት አምጥቼው ነበር፤ ነገር ግን ሌሊት እየጠጣ ልጆቹን ስለሚረብሽ ባለቤቴ አልቻለም፤ እሱም ተቀይሞ ወጣ። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በነጻ ተቀብለው የሚያኖሩና ከሱስ የሚያላቅቁ የክርስቲያን ድርጅቶች እንዳሉ ነግራኛለች። እናታችን አዲስ አበባ ሆና «ሃይማኖቱን ሊያስለውጡት ነው፤ ይልቅ አገሩ ይግባና ጠበል ይጠመቅ» ትላለች። እሱ ደግሞ «ሐበሻ የሚያየኝ ቦታ አልሄድም» ይላል። እነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩት እንዴት ነው? እውነት በነጻ ነው? ሃይማኖቱንስ ይነኩበታል? ከመውሰዴ በፊት ምን ላጣራ?

እኅቱ ነኝ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ

ውድ እኅታችን፤ ከሁሉ አስቀድመን በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉትን ጉዳይ እናነሣለን። ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አካሉ ያለ አልኮል መዋል ተስኖታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በቤተሰብ ግፊትም ሆነ በራሱ ቁርጠኝነት መጠጡን በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊይዘው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተልና ካልታከመ ሕይወቱን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ማገገሚያ ማዕከል ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ወይም በሐኪም ክትትል ወደሚደረግ ዲቶክስ (አካልን ከአልኮል የማላቀቅ ሕክምና) ነው። ኢንሹራንስ ባይኖረውም እንኳ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሳይመረምረውና አስቸኳይ ሁኔታውን ሳያረጋጋ እንዳይመልሰው የአሜሪካ ሕግ ያስገድዳል። እናትዎ ያሰቡት ጉዞም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ዐሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስድ በመሆኑ፣ እንደ ወንድምዎ ያለ ሰው ሕመሙ አየር ላይ ሊጀምረው ይችላል። አገር ቤት መግባቱም፣ ጠበሉም ከሕክምናው በኋላ ሊታሰብ ይችላል።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ «የክርስቲያን ድርጅት» በሚለው ስም ሥር የሚጠሩት ተቋማት እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ። አንዳንዶቹ አልጋና ምግብ ይሰጣሉ እንጂ ሕክምና የላቸውም። ሌሎቹ ሰውየውን ለወራት አስገብተው በጸሎት፣ በሥራና በሥርዐት ያኖሩታል። ጥቂቶቹ ብቻ ሐኪምና የሠለጠነ የሱስ አማካሪ ቀጥረው ያክማሉ። ስለዚህ የሚደውሉለት ድርጅት ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ።

ለአልጋውና ለምግቡ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እዚያው ዲሲ ያለው ሴንትራል ዩኒየን ሚሽን ነው። በ1884 (በዚህ አምድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተመልሰው ጎዳና የቀሩ ወታደሮችን ለመርዳት የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬም ዩኒየን ስቴሽን አካባቢ ቤት የሌላቸውን ወንዶች ያሳድራል። ለወራት የሚቆየው ዓይነት ደግሞ በሳልቬሽን አርሚ የአዋቂዎች ማገገሚያ ማዕከላት ይታወቃል። ሳልቬሽን አርሚን ዊልያምና ካትሪን ቡዝ የተባሉ ባልና ሚስት በ1865 በምሥራቅ ለንደን የድኾች ሠፈር ጀመሩት፤ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1878 ነው። በአሜሪካ ባሉት ማዕከላቱ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ያህል ይቆያል፤ ለአልጋውም፣ ለምግቡም፣ ለምክሩም ገንዘብ አይጠየቅም።

ይሁን እንጂ «እውነት በነጻ ነው?» ላሉት፣ ገንዘብ ባይከፈልም ጉልበት ይከፈላል ብንል ይሻላል። በማዕከሉ የሚኖረው ሰው ቀኑን በመጋዘን ያሳልፋል፤ ሰዎች የለገሱትን ልብስ፣ ሶፋና የቤት ዕቃ ይለያል፣ ያራግፋል፣ ይጭናል፤ ዕቃው በድርጅቱ ሱቆች ተሸጦ ማዕከሉን ያስተዳድራል። ድርጅቱ ይህን የሕክምናው አካል ነው ይላል። በማዕከላቱ የነበሩ አንዳንድ ሰዎች ግን ሥራው ደመወዝ የሚገባው መደበኛ ሥራ ነበር በማለት ከ2021 ጀምሮ በተለያዩ ግዛቶች ፍርድ ቤት ከስሰዋል። በእኛ በኩል ሥራውን እንደ ክፉ ነገር አናየውም፤ ቀንና ሌሊት ለተደባለቀበት ሰው በሰዓቱ ተነሥቶ አንድ ነገር ሠርቶ መዋል ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ከአማካሪ ጋር የሚቀመጥበት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነና በመጨረሻዎቹ ወራት ወጥቶ የራሱን ሥራ ለመፈለግ ይፈቀድለት እንደሆነ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። በእነዚህ ማዕከላት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልክና መውጣት ሊከለከል እንደሚችልም ይወቁ፤ አለበለዚያ ወንድምዎ ድምፁ ሲጠፋ ቤተሰቡ ይሸበራል።

ሦስተኛው ዓይነት እንዲታይዎ ወንድምዎ ተሳፋሪ ጭኖ ደጋግሞ ወዳለፈበት ሠፈር እንሂድ። አዳምስ ሞርጋን በ1980ዎቹ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በብዛት የተከፈቱበት ሠፈር መሆኑን የቆየ የዲሲ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ሠፈር አባላቷ ጥቂት የሆኑ፣ ቸርች ኦፍ ዘ ሴቪየር የምትባል ቤተ ክርስቲያን በ1960 ኮሎምቢያ ሮድ ላይ ቡናና መጻሕፍት የሚሸጥበት ቤት ከፈተች። እዚያ ከሠፈሩ ሰው ጋር ሲተዋወቁ የሠፈሩ ችግር ቤት መሆኑን ተረዱ፤ በ1973 ሪትዝና ሞዛርት የሚባሉ ሁለት ያረጁ የአፓርታማ ሕንጻዎችን ገዝተው በማደስ ለድኾች ማከራየት ጀመሩ። ከዚያ በ1979 ክሊኒክ ተከተለ። የክሊኒኩ ሐኪሞች ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ ቤት የሌለው በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ቁስሉ ሳይደርቅ ተመልሶ ጎዳና ላይ ይተኛል፤ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያስቀምጥበት እንኳ የለውም። በዚህ ምክንያት በ1985 ክራይስት ሃውስ 34 አልጋዎች ይዞ ተከፈተ፤ ቀንና ሌሊት ነርስ ያለበት፣ ቤት የሌለው በሽተኛ እስኪድን የሚተኛበት ቤት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ሐኪም ከነባለቤታቸውና ከነልጆቻቸው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት ከዚሁ ማኅበረሰብ ሳማሪታን ኢንስ ወጣ፤ እርሱ ደግሞ ሱስ ቤት አልባ ያደረጋቸውን ሰዎች ከሕክምና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ተከራይነት የሚያሸጋግር ነው።

ከክራይስት ሃውስ ደጃፍ ላይ የጂሚሉ ሜሰን ሥራ የሆነ ሐውልት አለ። ክርስቶስ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ የእግር መታጠቢያ ሳሕን ከፊቱ አድርጎ የመንገደኛውን እግር ለማጠብ ይጠብቃል። በጸሎተ ሐሙስ ሕፅበተ እግር ሲፈጸም ላደገ የእኛ ምእመን ባዕድ የሚሆንበት ነገር አይደለም፤ ለእናትዎ ፎቶግራፉን ቢልኩላቸው ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል ብለን እናስባለን።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ግን በሐውልት ብቻ አይመለስም። ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት በዚያ ገንዘብ ስብከት ሊያካሂድበት፣ ተረጂውንም አምልኮ ካልተሳተፍክ ብሎ ሊከለክለው አይችልም። በምእመናን ልገሳ ብቻ የሚተዳደር ድርጅት ግን የጸሎት ፕሮግራምን የመግቢያ ግዴታ ሊያደርግ ይችላል፤ ብዙዎቹም ያደርጋሉ። ይህ ሰውን ለማታለል የሚደረግ አይደለም፤ ሱስ ያለ እግዚአብሔር አይለቅም ብለው ከልብ ስለሚያምኑ ነው። ቢሆንም ወንድምዎ ኦርቶዶክሳዊ ሆኖ ለመኖር ከፈለገ በግልጽ ቋንቋ መጠየቅ መብቱ ነው፤ እሑድ ወደ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ማስቀደስ፣ የንስሐ አባቱን ማግኘት፣ በዐቢይ ጾም የጾም ምግብ መብላት ይችላል ወይ? ድርጅቱ ይህን ጥያቄ በቅንነት ከተቀበለ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚህ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን መድኃኒትን የሚከለክል ቤት ነው። ለአልኮል ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት፣ ለኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ላሉት) ደግሞ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የኋለኞቹ ሞትን እንደሚቀንሱ በሚገባ ተረጋግጧል። አንዳንድ የሃይማኖት ማዕከላት ግን «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው» ብለው ሐኪም ያዘዘውን ያስጥላሉ። እንዲህ ያለ ቤት ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምር እንኳ ወንድምዎን እንዲወስዱበት አንመክርም። እናትዎም በጠበልና በመድኃኒት መካከል መምረጥ ያለባቸው እንዳይመስላቸው፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ ማስተማራቸውን ያስታውሷቸው።

«ሐበሻ የሚያየኝ ቦታ አልሄድም» ያለውን እንደ ሰበብ አይዩበት። ዲሲና አካባቢዋ ዜና በአንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እስከ ታክሲ ተራ የሚደርስባት ናት፤ የወደቀ ሰው ደግሞ ከመጠጡ ይልቅ «የእገሌ ልጅ እኮ…» መባልን ይፈራል። ለዚህ የፈረንጅ ድርጅት መሆኑ ይጠቅመዋል፤ የሚያውቀው የለም። በፌዴራል ሕግ መሠረትም መንግሥት የሚያግዛቸው የሱስ ሕክምና ተቋማት ሰውየው በጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር እዚያ መኖሩን እንኳ ለማንም አይናገሩም፤ ለእርስዎም ጭምር። ስለዚህ በገባ ቀን ስምዎን በፈቃድ ቅጹ ላይ እንዲያሰፍር ይለምኑት። አስተርጓሚ ካስፈለገም ዘመድ ወይም ጓደኛ አይግባ፤ ድርጅቱ በስልክ አስተርጓሚ እንዲያቀርብለት ይጠየቅ፤ በእኅቱ ፊት የሚናገረው ሌላ፣ በማያውቀው ሰው ፊት የሚናገረው ሌላ ነውና።

አሁን ዋናው። ስለ ማንኛውም ማዕከል ሁለት ነገር ብቻ ለመጠየቅ ጊዜ ቢኖርዎት እነዚህን ይጠይቁ። አንደኛው፣ ወንድሜ መሐል ላይ ወድቆ ቢጠጣ ምን ታደርጉታላችሁ? የሚል ነው። ከመጠጥ ለሚላቀቅ ሰው መውደቅ የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ በዚያው ሌሊት ሻንጣውን ይዞ እንዲወጣ የሚያደርግ ቤትና ወደ ሕክምና መልሶ ልኮ አልጋውን የሚጠብቅለት ቤት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ ባለቀ ማግስት የት ያድራል? የሚል ነው። ስድስት ወር ሳይጠጣ ቆይቶ፣ ሰርተፍኬት ተቀብሎ፣ ተመልሶ መኪናው ውስጥ የሚተኛ ሰው ከተነሣበት ቦታ ተመልሷል። ክራይስት ሃውስን የመሠረቱት ሰዎች ይህን አይተው ነው ታካሚዎቻቸው ከዳኑ በኋላ በቋሚነት የሚኖሩበት ካይሮስ ሃውስ የተባለ ቤት ያዘጋጁት። በፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ውስጥ ሳልቬሽን አርሚ ራሱ ከ1936 ጀምሮ ሲያሳድርበት የኖረውን ትልቅ መጠለያ በ2012 እያንዳንዳቸው በር ያላቸው፣ የኪራይ ውል የሚፈረምባቸው ሰማንያ የሚጠጉ አፓርታማዎች አድርጎታል፤ እዚያ ሰው ቤት ለማግኘት መጠጡን አስቀድሞ እንዲያቆም አይጠየቅም። ወንድምዎ «አላቆምም» ቢል እንኳ ሁሉም በር ተዘግቶበታል ማለት እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው ይህን የጻፍነው። በሜሪላንድም ሆነ በዲሲ 211 ደውለው መጠለያም፣ ቤትም፣ ዲቶክስም የት ክፍት ቦታ እንዳለ መጠየቅ ይችላሉ።

እርስዎን በተመለከተ ደግሞ፣ ባለቤትዎ አልቻልኩም ማለታቸው ክፋት አይደለም፤ ልጆች ያሉበት ቤት ማገገሚያ ሊሆን አይችልም። የጠጪ ቤተሰቦች የሚሰባሰቡበት አል-አኖን የሚባል ማኅበር ከ1951 ጀምሮ አለ፤ በነጻ ነው፣ ስምም በሙሉ አይጠራበትም።

ጥያቄ

የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ በሱስ ለተጎዱ ወጣቶቻችን መጠለያ ለመክፈት አስቧል። ከምን እንጀምር?

ከቨርጂኒያ

መልስ

ከመጠለያ አትጀምሩ። መጠለያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና ሌሊት የሚያድር የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘባችሁንም ፍቅራችሁንም ይጨርሰዋል። በአዳምስ ሞርጋን ያየናት ቤተ ክርስቲያን ቡና ካፈላችበት ቀን አንሥቶ ለበሽተኞች አልጋ እስክትዘረጋ ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶባታል። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ባዶ ሆኖ የሚውል ከሆነ ለኤኤ (ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚጥሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር) ስብሰባ ፍቀዱ፤ በ1935 የተጀመረው ይህ ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው በአብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት ነው። ከዚያም ከምእመናኑ መካከል ነርሶችንና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችን ፈልጉ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሞልተዋል። ወጣቱን ዲቶክስ የሚያደርሰውና ሲወጣ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው በስም ይመደብ፤ ካህናቱም የሰሙትን በዐውደ ምሕረት እንዳያነሡት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።